ዶክተሩ ለምን በባቡር አልሄደም?

በአንድ የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ከውጭ ሲታይ የድሮ የፖሊስ ስልክ ሳጥን የሚመስል፣ በሩ ሲከፈት ግን አዳራሽ የሚያክል፣ በጊዜና በጠፈር እንዳሻው የሚመላለስ መንኮራኩር አለ ሲባል ማንም አይከራከርም። ባለቤቱ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ፣ ሊሞት ሲል አዲስ ገላ ለብሶ የሚነሣ ፍጡር ነው ሲባልም ተመልካቹ ሻዩን ፉት እያለ ይቀበላል። «ታዲያ ይህ ሰው ወዳጆቹን ለማየት ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ አርፎ፣ ለምን በባቡር ወደ ከተማው አይገባም?» የሚል ሲነሣ ግን ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል። ከዳር ሆኖ ለሚሰማ ግመሉን ውጠው ትንኟን የሚያጠሩ ሰዎች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን ስለ ባቡሩ የጠየቀው ሰው ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን ልክ እንደሆነ ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ተከታታይ ድራማው «ዶክተር ሁ» ይባላል። ቢቢሲ የመጀመሪያውን ክፍል ያሰራጨው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ በ1989 ተቋርጦ፣ በ1996 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቅ ብሎ፣ በ2005 እንደገና ጀምሯል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖር የለመደው አንባቢያችን ወደ ኋላ የሚመጣውን የዓመት ዝብርቅ ከእንግሊዞቹ በተሻለ ትዕግሥት ያየው ይሆናል።) ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር ከመባል በቀር የሚጠራበት ስም የለውም። የመጣው ጋሊፍሬይ ከምትባል ፕላኔት፣ «የጊዜ ጌቶች» ከሚባሉ ወገኖች ነው፤ መንኮራኩሩም ታርዲስ ትባላለች። አንዱ ክፍል ችግሩን በፊዚክስ ቋንቋ ይፈታል፤ ቀጣዩ በተረት ቋንቋ። ክርክሩን የሚያከረውም ይኸው ነው። ንጹሕ ተረት ቢሆን «እንዴት ሆኖ?» የሚል አይኖርም ነበር። ንጹሕ ሳይንሳዊ ልብወለድ ቢሆን ደግሞ መልሱ ከመማሪያ መጽሐፍ ይገኝ ነበር። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ሕግ አውጪው ተከታታዩ ራሱ ነው፤ ያወጣውን ሕግ ደግሞ ተመልካቹ አይረሳለትም።

የባቡሩ ጥያቄ የመጣው በ2012 ስቲቨን ሞፋት ከጻፈው ክፍል ነው፤ ዶክተሩ ከጉዞ ጓደኞቹ፣ ከኤሚና ከባሏ ከሮሪ የሚለያይበት። ጠላቶቹ «የሚያለቅሱ መላእክት» ናቸው። ሰው እያያቸው ከሆነ የድንጋይ ሐውልት ሆነው ይደርቃሉ፤ ዓይን ከተጨፈነ ወይም ከዞረ በቅጽበት ይንቀሳቀሳሉ። የነኩትን ሰው ወደ ኋላ ዘመን ይወረውሩታል፤ እዚያው ኖሮ፣ እዚያው አርጅቶ ይሞታል። በመጨረሻው ትዕይንት መካነ መቃብር ውስጥ አንድ መልአክ ሮሪን ይነካውና ሮሪ ይጠፋል። ኤሚ ባሏን ለመከተል ስትል ዓይኗን ሆን ብላ ከሐውልቱ ላይ ታነሣለች። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሁለቱም ስም ይነበባል፤ እሱ በ82፣ እሷ በ87 ዓመታቸው ሞተዋል። ዶክተሩ ሄዶ ሊያመጣቸው አይችልም፤ የኒው ዮርክ የጊዜ ክር ክፉኛ ስለተተበተበ ታርዲስ ዳግመኛ ብታርፍበት ከተማዋ ትበጣጠሳለች ተብሏል።

ብዙ ሰው አለቀሰ። እንባው ከደረቀ በኋላ ግን ጥያቄው መጣ። ታርዲስ ኒው ዮርክ ላይ ማረፍ ካልቻለች ቦስተን ላይ ማረፍ ትችላለች። ዶክተሩ ባይሄድ እንኳ ኤሚና ሮሪ እግር አላቸው፤ ሌላ ከተማ ተቀጣጥሮ መገናኘት ምን ይከለክላል? ከሁሉ የሚከፋው ግን የልጃቸው የሪቨር ነገር ነው። ሪቨር ጊዜን የምትሻገረው በእጇ ላይ በምታስረው ትንሽ መሣሪያ ነው። በዚሁ ክፍል፣ በተጨናነቀ መንገድ መኪና ሲቆም ሞተር ብስክሌት እየተሹለከለከ እንደሚያልፍ፣ የእሷም መሣሪያ ታርዲስ በማትገባበት እንደሚገባ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ሲጠናቀቅም የጻፈችውን መጽሐፍ እንድታሳትምላት ለኤሚ እንደምታደርስ ትነግረናለች። ሪቨር መሄድ ከቻለች፣ ዶክተሩ ያንን የእጅ መሣሪያ አንድ ቀን ቢዋስ ምን ነበረበት?

ተከላካዮቹም ውሃ የሚያነሳ መልስ አላቸው። ታሪኩ ውስጥ ሌላ ሕግ ተቀምጧል፦ የወደፊቱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ያነበበውን መለወጥ አይችልም። ዶክተሩ የመቃብሩን ድንጋይ አንብቧል፤ ስለዚህ ሁለቱ በዚያ ዘመን መሞታቸው አይቀሬ ሆኗል። ይህ መልስ ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ «ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው» አላሉም፤ «ሄዶ ይጠይቃቸው» ነው ያሉት። ሰባ ጊዜ ቡና አብሮ ቢጠጣ የመቃብሩ ጽሑፍ አንድ ፊደል አይለወጥበትም። በእኔ ፍርድ ድንጋዩ ማምጣትን ይከለክላል፤ መጎብኘትን ግን በማያ ገጹ ላይ የታየ ምንም ነገር አይከለክልም። የትዕይንቱ ኀዘን ሁሉ ደግሞ የተገነባው «ዳግመኛ አይተያዩም» በሚለው ላይ ነው። ክፍተቱ ያረፈው ተመልካቹ ያለቀሰበት ቦታ ላይ ስለሆነ ነው ቁጣው የበረታው።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ሌላ፣ ለዓይን የባሰ ጉድ አለ። የነጻነት ሐውልት ራሷ መልአክ ሆና፣ ከቆመችበት ደሴት ተነሥታ እስከ ሕንጻው ድረስ ትመጣለች። ሌሊት በማይተኛ ከተማ ይህን የሚያክል ሐውልት ሲራመድ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየም ማለት ነው፤ ካየ መቆም ነበረባት። አድናቂዎች ይህን ሲያነሡ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ሐውልቷን ከታሪኩ ብናወጣት የሚፈርስ ነገር የለማ።

እንግዲህ «አይሆንም» የሚለው አቤቱታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለት ተከራካሪዎች የተለያየ አቤቱታ ይዘው አንድ የያዙ ስለሚመስላቸው ነው። አንደኛው የተፈጥሮን ሕግ ይጠቅሳል። በ2014 የተላለፈ አንድ ክፍል ጨረቃ እንቁላል ናት አለን፤ ልትፈለፈል ስለተቃረበች ክብደቷ ጨምሮ ምድርን በማዕበል አናወጠች፣ ከዚያም ተፈልፍሎ የወጣው ፍጡር ወዲያው የጨረቃን ያህል ሌላ እንቁላል ጥሎ ሄደ። ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ስታድግ የእንቁላሉ ክብደት እንደማይጨምር፣ እንዲያውም በመጠኑ እንደሚቀንስ ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቃል። ይህ አቤቱታ እውነት ነው፤ ግን ብዙ ርቆ አይሄድም። ሳጥኑን የተቀበለ ሰው በእንቁላሉ ላይ መጨከኑ የምርጫ ጉዳይ ነው። ሌላው አቤቱታ የሰውን ጠባይ ይመለከታል፦ ይህች ሴት እንዲህ የምታደርግ አይደለችም፣ ይህ ሰው ይህን ያህል ሞኝ አይደለም። ከሁሉ የጠነከረው ግን ተከታታዩን በራሱ ቃል የሚከሰው ነው፦ ትናንት «አይቻልም» ብለህ አስለቅሰኸኝ ነበር፣ ዛሬ እንዴት ተቻለ?

ቃሉን የጠበቀ ታሪክ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 2009 እንሂድ። በ2059 ማርስ ላይ ያለ የምርምር ጣቢያ ከነሠራተኞቹ መጥፋቱ በታሪክ የተቆረጠ፣ የማይነካ ነገር ነው፤ የአዛዧ የአድሌድ ብሩክ ሞት የልጅ ልጇን ወደ ጠፈር ጉዞ የሚመራ ነውና። ዶክተሩ ሕጉን ጥሶ አድሌድን ወደ ምድር አምጥቶ አዳናት። እሷ ግን አንድ ሰው ብቻውን ይህን ያህል ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ብላ ተከራከረችው፤ ቤቷ ገብታም ራሷን አጠፋች። ሕጉ ተጥሷል፤ ሆኖም ማንም «የሴራ ክፍተት» ብሎ አልከሰሰም። መጣሱ ራሱ ታሪኩ ነበር፣ ዋጋውም እዚያው ተከፍሏል።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ 1975 ስንመለስ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚልቀውን ትዕይንት እናገኛለን። ዶክተሩና ጓደኛው ሳራ ጄን በ1911 እንግሊዝ ውስጥ ናቸው፤ ሱቴክ የሚባል፣ በግብፅ ፒራሚድ ሥር የታሰረ ኃያል ፍጡር ሊፈታ ተቃርቧል። ሳራ ማንኛውም ተመልካች የሚያስበውን ትናገራለች፦ ዓለም በ1911 እንዳልጠፋች እናውቃለን፣ እኔ ከ1980 ነኝ፣ ታዲያ ለምን ተሳፍረን አንሄድም? ዶክተሩ አይከራከራትም። ታርዲስን አስነሥቶ ወደ 1980 ይወስዳትና በሩን ይከፍተዋል። ውጭ ማዕበል የሚያናፍስባት የሞተች፣ የነደደች ምድር አለች። ከሄድን የሚጠብቅሽ ይህ ነው ማለቱ ነው። በሩ ተዘግቶ ወደ 1911 ይመለሳሉ። ጥቂት ደቂቃ ፈጀ፤ በጊዜ ጉዞ ታሪክ ሁሉ ላይ የሚነሣው «ያለፈ አልፏል፣ ታዲያ ምን ያስፈራል?» የሚል ጥያቄ ከዚያ በኋላ አፉን ያዘ።

የሚገርመው፣ አንዱን ጥያቄ የዘጋው ይኸው ትዕይንት ሌላ ጥያቄ ወልዷል፤ እሱም እስከ ዛሬ አልሞተም። «እኔ ከ1980 ነኝ» ስትል ሳራ ምን ማለቷ ነው? የምትሠራው ዩኒት ከሚባለው ጦር ጋር ነው፤ አዛዡ ብሪጋዴር ሌትብሪጅ-ስቱዋርት ናቸው። ቀመሩ እንዲህ ይሄዳል። በ1967 የተላለፈ ታሪክ በ1935 ቲቤት ውስጥ ተከናወነ። በ1968 የመጣው ተከታዩ ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ አለ፤ ስለዚህ 1975 ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ ላይ ነው መኮንኑ መጀመሪያ የታዩት። በዚያው ዓመት መገባደጃ የመጣ ሌላ ታሪክ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ያህል ሆነ አለ፤ ዩኒት የሚታየው አሁን ነው፣ 1979 ገደማ። የሳራ 1980 ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1983 የተላለፈ ታሪክ ግን ብሪጋዴሩን በ1977 የወንዶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አድርጎ አመጣቸው፤ ከጦሩም በ1976 ጡረታ ወጥተዋል ተባለ። በዚህ ስሌት ሰውየው ያዘዙት ጦር ገና ሳይታይ ጡረታ ወጥተዋል።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ ተራ ነው። ያ የ1983 ታሪክ መጀመሪያ የታሰበው ለብሪጋዴሩ ሳይሆን በ1963 የሳይንስ መምህር ለነበረው ለኢያን ነበር፤ ተዋናዩ ስላልተመቸው ትምህርት ቤቱ እንዳለ ሆኖ ወታደሩ ገባበት። ዓመቱም 1977 የሆነው የንግሥት ኤልሳቤጥ የንግሥና ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ታሪኩ ውስጥ ስላለ ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊዎቹ የድሮውን የሚያገላብጡበት መንገድ ጠባብ ነበር። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ካሴት እየደመሰሰ እንደገና ቀድቶበታል፤ አንድ ክፍል ከተላለፈ በኋላ ተመልሶ የሚታይ አይመስልም ነበር። ተከታታዩ በቪዲዮ ካሴት ለገበያ የወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1983 ነው። ብሪጋዴሩ ያለጊዜያቸው ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ ተመልካቹ ወደ ኋላ እየመለሰ የሚመረምርበት መሣሪያ እጁ ገባ ማለት ነው።

አድናቂዎች ታዲያ ተቀምጠው ማስታረቅ ያዙ። የአንድምታ መምህራን ሁለት ቃል የተጋጨ ሲመስል «አንድም» እያሉ ሁለቱም የሚቆሙበትን ፍቺ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ እነዚህም አንድም ሳራ 1980 ያለችው ቁጥሩን በጅምላ ነው፣ አንድም የ40 ዓመቱ ስሌት የሽማግሌ ግምት ነው፣ አንድም ጊዜ ራሱ በጦርነት ተናግቷል ይላሉ። ልዩነቱ፣ የአንድምታው መምህር መጽሐፉ አይሳሳትም ብሎ ያምናል፤ የዶክተሩ አድናቂ ግን ጸሐፊው ቀነ ገደብ ደርሶበት የጻፈ ሰው እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ነው እንደማያውቅ የሚሆነው፤ የጨዋታው ጣዕም እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የማርቭሉ ስታን ሊ ይህን ጠባይ ገብቶት ነበር፤ በሥዕላዊ መጽሐፎቹ ውስጥ የተገኘን ስሕተት ስሕተት አለመሆኑን ላስረዳ አንባቢ ባዶ ፖስታ በሽልማት ስም ይላክለት ነበር። ተከታታዩም በመጨረሻ በራሱ ሳቀ፦ በ2008 ዶክተሩ ለዩኒት የሠራሁት በሰባዎቹ ነው ወይስ በሰማንያዎቹ እያለ ግራ ሲጋባ ተሰማ፣ በ2013ም ቀልዱ ተደገመ። ይህ ክፍተት ማንንም አልጎዳም። ብሪጋዴሩ በየትኛውም ዓመት ቢያዙ ጀግንነታቸው ያው ነው።

የአሥራ ሦስቱ ሕይወት ጉዳይ ግን እንዲህ በሳቅ አይታለፍም። በ1966 የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ሲለቅ፣ አዘጋጆቹ ዶክተሩ ገላውን ይለውጣል ብለው በፓትሪክ ትራውተን ተኩት። ስንት ጊዜ እንደሚለውጥ የተናገረ አልነበረም። በ1976 ሮበርት ሆምስ በጻፈው ታሪክ ግን አንድ የጊዜ ጌታ ገላውን መለወጥ የሚችለው 12 ጊዜ ብቻ ነው ተባለ፤ 13 ሕይወት መሆኑ ነው። ሆምስ ይህን ያመጣው ለወደፊት አስቦ አይመስለኝም። የታሪኩ ጨካኝ፣ ማስተር የሚባለው፣ ሕይወቶቹን ጨርሶ በበሰበሰ ገላ የሚንከላወስ ነበር፤ ለጭካኔው ምክንያት ያስፈልግ ነበርና ምክንያት ተገኘለት። የአንድ ታሪክ ችግር መፍቻ ለ37 ዓመት ሕግ ሆኖ ኖረ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ሆምስ የድርሰት አርታኢ ሆኖ ባለፈ ሌላ ታሪክ ውስጥ የታየው ነው። ዶክተሩ ሞርቢየስ ከሚባል ከሃዲ የጊዜ ጌታ ጋር በአእምሮ ሲፋለም ማያው ላይ የቀደሙት ፊቶቹ በተራ ያልፋሉ፤ ከሃርትኔል በኋላም አያቆሙም፣ ስምንት የማናውቃቸው ፊቶች ይከተላሉ። (ልብስ የለበሱ የዝግጅቱ ባልደረቦች ናቸው፤ ሆምስም አንዱ ነው።) እስቲ እንደምር፦ እስከዚያ ድረስ ዶክተሩን የተጫወቱት አራት ናቸው፤ ስምንት ሲጨመር 12። እነዚያ ፊቶች የእሱ ከሆኑ፣ በ1976ቱ ሕግ መሠረት ያኔ ዶክተሩን ይጫወት የነበረው ቶም ቤከር አሥራ ሁለተኛው ነው፣ ከእሱ በኋላ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው አድናቂ ለአሥርተ ዓመታት «ፊቶቹ የሞርቢየስ ናቸው» ብሎ ዘጋው።

በ2013 ሒሳቡ ደረሰ። ማት ስሚዝ አሥራ አንደኛው ዶክተር ይባል ነበር። በዚያው ዓመት ግን በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ጆን ኸርት የተጫወተው የተደበቀ ዶክተር እንዳለ ተገለጠ፤ በ2008 ደግሞ ከስሚዝ በፊት የነበረው ዶክተር ዴቪድ ቴናንት ገላ የመለወጡን ኃይል ተጠቅሞ መልኩን ሳይለውጥ ቀርቶ ነበርና ያም እንደ አንድ ተቆጠረ። ድምሩ 13። ዶክተሩ በእውነት ሊሞት ነው። በአንዲት ከተማ አርጅቶ ጥይት ይጠብቃል፤ ጓደኛው ክላራ በግድግዳ ስንጥቅ በኩል የጊዜ ጌቶችን ትለምናለች፤ እነሱም አዲስ የሕይወት ዙር ይሰጡታል። ሕጉ የታለፈው በልመናና በስጦታ ነው፤ እኔ ይህን እቀበላለሁ። በ1983ም ጌቶቹ ለማስተር ተመሳሳይ ስጦታ አቅርበው ስለነበር መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ነው።

ከድጡ ወደ ማጡ የተገባው በ2020 ነው። ዶክተሩ ከመጀመሪያው የጊዜ ጌታ አልነበረም ተባለ። ተክቲዩን የምትባል የጋሊፍሬይ ሳይንቲስት አግኝታ ያሳደገችው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልጅ ነው፤ ገላ የመለወጥ ችሎታም ለጌቶቹ የተወሰደው ከእሱ ነው፤ የ12ቱም ገደብ የተበጀው ለእነሱ ነው። ልጁ ከሃርትኔል በፊት ብዙ ሕይወት ኖሯል፣ ትዝታው ግን ተደምስሷል። የሞርቢየስ ፊቶችም የእሱ ሆኑ። የ1976ቱ እንቆቅልሽ ተፈታ፤ የ2013ቱ ግን ታመመ። የዶክተሩ ገላ ወሰን ከሌለው፣ በዚያች ከተማ ያ ሁሉ ፍርሃት ለምን ነበር? ክላራስ ምን ለመነች? አስታራቂዎቹ፣ ትዝታው ሲደመሰስ ገደቡ በእሱም ላይ ተጥሏል ይላሉ። ጥሩ አሳብ ነው፤ በማያው ላይ ግን አንድም ሰው አላለውም። የወደዱት ደግሞ ዶክተሩ ምስጢሩ እንደተመለሰለት፣ የቁጥር እስርም እንደተፈታለት ይናገራሉ። ምስጢሩን በተመለከተ አልከራከራቸውም። ግን አንድ ጊዜ በእውነት የፈራሁለትን ሞት ወደ ኋላ ተመልሶ «ምናልባት አያስፈራም ነበር» ማለት፣ ካሳየኝ በኋላ ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ እንደማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ዳኛ የለም። የቱ ክፍል ቀኖና እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ ቢቢሲ ፈርዶ አያውቅም። በ1996ቱ ፊልም ዶክተሩ በእናቱ በኩል ሰው ነኝ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በግልጽ ያጸናውም፣ በግልጽ የሻረውም የለም። አትላንቲስ እንዴት እንደጠፋች በ1967፣ በ1971 እና በ1972 ሦስት የተለያየ ምክንያት ተሰጥቷል፤ ሦስቱም ቆመዋል። ከስድሳ ዓመት በላይ በብዙ እጅ የተጻፈ ነገር ከዚህ የተሻለ ቢስማማ ነበር የሚገርመኝ።

አዲሱ ክርክር ከ2023 የመጣ ነው። ራስል ቲ. ዴቪስ በጻፈው ክፍል ቴናንት ገላውን እንደመለወጥ ለሁለት ተከፈለና አዲሱ ዶክተር ሹቲ ጋትዋ ከጎኑ ወጣ፤ አሮጌው ግን አልሞተም። ታርዲስም በትልቅ መዶሻ ተመትታ ሁለት ሆነች። አንደኛው ዶክተር ወደ ጠፈር ሄደ፤ ሌላኛው ከወዳጁ ከዶና ቤተሰብ ጋር ለንደን ውስጥ ሊያርፍ ቀረ። መዶሻው ብዙም አላጨቃጨቀም፤ የተረት ዕቃ ነው። የሚያጨቃጭቀው፣ ለንደን በሚቀጥለው ጊዜ ስትወረር ማዕድ ላይ የተቀመጠው ዶክተር የት ይሆናል የሚለው ነው። ደክሞታል፣ ዕረፍቱ መዳኛው ነው ይላሉ ወዳጆቹ። ዕረፍቱ ይገባኛል። ጎረቤት ሲጮኽ ከወንበሩ የማይነሣ ዶክተር ግን ከ1963 ጀምሮ ሲታይ የኖረው ሰው አይመስለኝም።